የግራው መስታወት

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር፤ የጥቅምት ሰማይ ቁራጭ ደመና ሳይዝ ጠርቶ፣ ፀሐዩ ግንባር ሲያቃጥል ነፋሱ አጥንት ይሰብር ነበር።

ኢንስፔክተር ትርሲት ከመሐል ሜዳ ከተማ የመጣችበትን መኪና ከሸንተረሩ ሥር አቁማ የቀረውን በእግሯ ወጣች። ከቀየት መንደር በላይ ያለው ያ ሸንተረር ከጓሳ ሣርና ከድንጋይ በቀር ምንም አብቅሎ አያውቅም፤ ከአምና ወዲህ ግን አንድ የብረት ምሰሶ ቆሞበታል። እግሩ በሲሚንቶ ተቀብሯል። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ በተዘረጋው ክንዱ ላይ፣ የእንቁላል ግማሽ የሚያህሉ ሁለት ክብ መስታወቶች፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። የፀሐይን ብርሃን የሚለኩ ናቸው። መሐንዲሶቹ በሙያ ስማቸው ይጠሯቸዋል፤ የአገሩ ሰው ግን «ዐይኖቹ» ይላቸዋል።

የዐይኖቹ ጠባቂ ወዳጆ ከምሰሶው ጥቂት ርቆ፣ በርኖሱ ከትከሻው ወርዶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በጎኑ ወድቋል። ረፋዱ ላይ ያገኘችው ሚስቱ ጥሩሸዋ ናት። ለቁርስ ሳይመለስ ቢቀርባት ፍለጋ ወጥታ።

«አይድከሙ ኢንስፔክተር» አለ የቀየቱ ሳጅን ፍቅረ ሥላሴ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ። «ሰውየው በእጃችን ነው። ይሥሐቅ ይባላል። ገብሱን ውርጭ መታበት። ‹ፀሐዬን የሚበላብኝ ይሄ ዐይን ነው፣ አንድ ቀን አፈርጠዋለሁ› ብሎ ገበያ መሐል ሲምል ያልሰማ የለም።»

«አፈረጠው?»

«ማንን?»

«ዐይኑን።»

ሳጅኑ ቀና ብሎ አየ። ሁለቱም መስታወቶች ደኅና ነበሩ።

«ጠባቂውን አፈረጠ» አለ።

ትርሲት ወደ ሬሳው ቀረበች። በርከክ ብላ የሟቹን ማጅራት አየች፤ ከዚያ የሲሚንቶውን ጠርዝ። ደሙ ያለው ጠርዙ ላይ ነው። ከጠርዙ አንሥቶ ወዳጆ እስከ ወደቀበት ድረስ አፈሩ ተፍቋል።

«ገዳዩ ጎትቶታል» አለ ሳጅኑ።

«የሚጎተት ሰው አፈር አይቧጥጥም። ጥፍሮቹን እይ።» ከምሰሶው አጠገብ የቆመውን የመሣሪያ ሣጥን አሳየችው። «ጧት ጧት የዚህ ሣጥን ጥላ ምሰሶው ሥር ይወድቃል። የወደቀው ጥላው ውስጥ ነው፣ አመዳይ ላይ። ፀሐይ ሲወጣ ወደ ፀሐዩ ራሱን ሳበ።»

ሳጅኑ እጆቹን ከብብቱ አወጣ።

በሟቹ ኪስ ውስጥ አንድ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነበር፤ እንደ ታጠፈ፣ ደረቅ። አጠገቡ የነበረችው ትንሽ ጀሪካን እስከ አፏ ሙሉ ናት፤ ክዳኗ አልተነካም። ትርሲት ወዳጆ ይቆምበት የነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጣች። የቀኙ መስታወት የሌሊቱን አቧራ እንደ ስስ ሻሽ ለብሷል። የግራው ግን ያበራል፤ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ የደረቀ እንባ የመሰለ ነጭ ምልክት ይዟል።

«ዛሬ ጧት ይህንን የጠረገ ሰው አለ።»

«እሱ ራሱ ነዋ! ሥራው አይደል?»

«በደረቅ ጨርቅ፣ ባልተከፈተ ውሃ?»

*

ለቅሶ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሟቹ ልጅ አንዷለም ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዶ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል፤ ያን ያየ ሰው ሁሉ ከጎኑ ቦታ ለቆለታል። ከማዶው የደብሩ ካህን ቄስ አትናቴዎስ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ትርሲት መስቀል ለመሳለም ጎንበስ አለች። ቄሱ እጃቸውን ከጋቢው አላወጡም።

«እግዚአብሔር ይባርክሽ ልጄ» አሉ ብቻ።

ትርሲት ቀና ብላ ወደ ጥሩሸዋ አለፈች። የሴትዮዋ ድምፅ በልቅሶ ሻክሯል።

«ሰሞኑን ገና ሳይነጋ ነበር የሚወጣው። ‹ሌባ ልይዝ ነው› አለኝ። በዚያ ጭው ያለ ሜዳ ምን የሚሰረቅ አለ ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ።»

«ምን አለሽ?»

«‹ቆሻሻዬን› አለኝ። ‹ቆሻሻዬን የሚሰርቀኝ አለ።›»

«ምን ማለቱ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ። ስለዚያ ነገር ለማንም አይናገርም ነበር፤ ለኔም ቢሆን።»

አንዷለም ቀና አለ። «ይሥሐቅን እስከ መቼ ታቆዩታላችሁ?»

«በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ማስረጃ ካልተገኘበት ይለቀቃል።»

«ይለቀቅ» አለ አንዷለም፣ የጠመንጃውን ሰደፍ በመዳፉ እየዳበሰ። «እኔ ማስረጃ አልፈልግም።»

ስትወጣ ቄስ አትናቴዎስ እስከ አጥሩ ተከተሏት።

«ልጄ፣ ያን ሰው አትልቀቂው። ከእናንተ ዘንድ ይቆይ። እዚያ ያለ ሰው አይገደልም።»

«ወዳጆን የገደለው እሱ ነው ይላሉ አባ?»

«እኔ ስለ ነፍሱ ነው የምልሽ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

*

ይሥሐቅ በቀየት ፖሊስ ጣቢያ ባዶ ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ትርሲትን ሲያይ ተነሣ።

«ልሰብረው ነበር፣ አዎ ብያለሁ» አለ ሳትጠይቀው። «እመቤቴ፣ ለቤተሰብ ጉሮሮ ያልሽው ገብስ አንድ ሌሊት ነጭ ሆኖ ቢያድር አንቺስ ምን ትያለሽ? የሆነ ነገር ላይ መጮኽ አለብሽ። ሰማይ ላይ ልጩኽ?»

«ዛሬ ጧት የት ነበርክ?»

«አውድማ ላይ።»

«ማን አየህ?»

«በሬዎቼ።»

«በሬ ቃል አይሰጥም።»

«ቢሰጥ ከገበያው ሰው ይሻል ነበር፤ አይጨምርም።»

ትርሲት ፈገግታዋን ዋጠችው። «ዐይኑን በእጅህ ነክተኸው ታውቃለህ?»

«እንኳን ልነካው! ጥላው እንዳያርፍብኝ በሩቅ ነው የምዞረው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዷለም ጠመንጃውን አውርዷል አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ብትለቂኝ እሞታለሁ፤ ባትለቂኝ ይፈረድብኛል። ሌላ በር ካለሽ አሳዪኝ።»

በሩን ዘግታ ስትወጣ ሳጅኑን «እሱ አይደለም» አለችው።

«በምን አወቁ?»

«የሚጠላውን መስታወት ማን ያጥባል?»

*

በማግሥቱ ጧት ሳጅን ፍቅረ ሥላሴ አዲስ ወሬ ይዞ መጣ። የመለኪያው ኃላፊ ኢንጂነር በዕውቀቱ ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ወዳጆ ላይ ሲጮኽበት፣ ከሥራ አባርርሃለሁ ሲለው ጎረቤት ሰምቷል። ሰውየው ከጎረቤት ከተማ ከራቤል እየመጣ ነው። ትርሲት ሸንተረሩ ላይ ጠበቀችው።

በዕውቀቱ የመንገዱን አቧራ ከላዩ ሳያራግፍ ድንጋዩ ላይ ወጣና «ግራውን ደግሞ ጠረጉት!» ብሎ ጮኸ።

«ሰው ሞቷል» አለች ትርሲት።

ቀስ ብሎ ወረደ። ፊቱ ቀላ። «አውቃለሁ። ይቅርታ። ሌላ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው።»

«ትናንት ጧት የት ነበርክ?»

«ራቤል። እዚያም እንዲህ ያለ ምሰሶ አለን። የትምህርት ቤቱ መምህራን ጋ አድሬ ጧት አብረን ነው የወጣነው።»

ሳጅኑ ራቅ ብሎ ደወለ፤ ሲመለስ ቅር እያለው ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነበር።

«ወዳጆን ለምን ትቆጣው ነበር?»

«የግራው ልኬት በድንገት ሲለዋወጥብኝ እየጠረገው መስሎኝ። አልነካሁም አለኝ፤ አላመንኩትም።»

«መስታወት ቢጠረግ ምን ይጎዳል? እንደ ሕፃን አስረዳኝ።»

በዕውቀቱ ሁለቱን ዐይኖች ተራ በተራ አመለከተ። «ቀኙ በየጧቱ ይጠረጋል፤ ከሰማይ የሚወርደው ፀሐይ ምን ያህል እንደሆነ እሱ ይነግረናል። ግራው አይነካም። አቧራው፣ የወፍ ኩሱ፣ አመዳዩ እንደ ወረደበት ይቀመጣል። ነገ ጣሪያ ላይ የምንተክለውን የፀሐይ ፓነል በየቀኑ ወጥቶ የሚጠርገው ማነው? ማንም። የሁለቱ ልዩነት ቆሻሻ የሚበላብን ብርሃን ነው። እሱን ካላወቅን ፓነሉን አሳንሰን እንተክላለን።»

«አንሶ ቢተከልስ?»

ቁልቁል፣ ከሸንተረሩ ሥር የሚያንጸባርቀውን የጤና ጣቢያ ቆርቆሮ አሳያት። «እንደዚያ ይሆናል። ያንን ሲተክሉ ማንም አልለካም። በጠራ ቀን ይበቃል። ጉም ሲሰነብት፣ አቧራ ሲለብስ፣ ማታ ይጠፋል።»

ትርሲት የጥሩሸዋን ቃል አስታወሰች። ቆሻሻዬን የሚሰርቀኝ አለ።

«ይህን የአገሩ ሰው ያውቃል?»

«ወዳጆ ብቻ። ለሰው አትናገር ያልኩት እኔ ነኝ፤ ካወቁ ይነካኩታል ብዬ።»

«ሰዉስ ምን ብሎ ነው የሚያውቀው?»

«ከራቤልና ከዚህ፣ ፀሐይ የበለጠበት አስቀድሞ መብራት ያገኛል። ስብሰባ ላይ ተናግሬአለሁ።»

«ነጩ ምልክትስ?»

በጣቱ ሳይነካ ጠጋ ብሎ አየው። «የውሃ ጨው ነው። ደጋግሞ የደረቀ። እኛ የምንሰጠው ውሃ የተጣራ ነው፤ ሲደርቅ ምንም አይተውም። ይሄ ከመሬት የወጣ ውሃ ነው። የሚያስቀው፣ ከአቧራው ይልቅ ፀሐይ የሚከለክለው ይሄ ነጩ መሆኑ ነው።»

ትርሲት ወደ መኪናዋ ወረደች።

*

ትርሲት ከሻይ ቤት ክብ መስታወት ተዋሰችና መኪናዋ ግንባር ላይ ፀሐይ አስመታችው። ሦስት ጠብታ አንጠባጠበችበት፤ አንዱን ከወዳጆ ጀሪካን፣ አንዱን ሰፈሩ ከሚቀዳው ምንጭ፣ አንዱን ሳጅኑ ከደብሩ ካመጣው የጠበል ጠርሙስ።

«ጠበል ቃሉን ሲሰጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አለ ሳጅኑ። «አጋንንቱ ከጮኸ ግን እኔ አልመዘግብም፤ ከአሁኑ ልንገርዎ።»

ጠብታዎቹ ደረቁ። የጀሪካኑ ምንም አልተወም። የምንጩ ቢፈልጉት የማይገኝ ጉድፍ ተወ። የጠበሉ ነጭ ቀለበት ሠራ፤ በግራው መስታወት ጠርዝ ላይ እንዳለው ያለ።

ሳጅኑ ቀልዱን ረሳ። «ጠበሉን የማይወስድ የለም እኮ። እኔም ቤት አለ።»

«ዐይኑን የታመመ ሰው እዚህ አገር ምን ያደርጋል?»

«በጠበል ይታጠባል።»

«ይህን ያደረገ ሰው ጠላት አይደለም፣ ፍቅረ ሥላሴ። መስታወቱ የታወረ መስሎት ሊፈውስ የመጣ ሰው ነው። ወዳጆ አድብቶ ያዘው።»

*

ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ሆነ። በዚያ አገር እንዲህ ባለ ቀን ዘመድ ለሟቹ ክብር ጥይት ያጮኻል። የወዳጆ ወንድሞች ተኮሱ። አንዷለም አልተኮሰም።

«ጥይቷን እያቆያት ነው» አለ ሳጅኑ በሹክሹክታ። «ለነገ።»

ትርሲት ግን የምታየው ሌላ ነበር። ፍትሐቱን የሚመራው ከጎረቤት ደብር የመጣ ወጣት ቄስ ነው። ቄስ አትናቴዎስ ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር፣ ብቻቸውን ቆመዋል።

«የወዳጆ የንስሐ አባት ማን ነበሩ?»

«ቄስ አትናቴዎስ ናቸዋ።»

«ታዲያ የገዛ የንስሐ ልጃቸውን ለምን አይፈቱትም?»

ሳጅኑ ትከሻውን ሰበቀ። «አሟቸዋል። ሰሞነኛው እሳቸው ነበሩ፤ ትናንት ጧት ግን የኪዳን ጸሎት ሳያደርሱ ቀሩ። አሞኛል ብለው ሌላ ሰው ተኩ።»

«ቤታቸው የት ነው?»

«ከሸንተረሩ ማዶ። ለኪዳን ሲመጡ በምሰሶው በኩል...» ሳጅኑ ወደ ሸንተረሩ ዞረ።

ትርሲት የቄስ ልጅ ናት። ደም ያለበት እጅ ታቦት ፊት እንደማይቆም፣ መስቀልም እንደማያሳልም፣ ሕግ ሳትማር በፊት ከአባቷ ነው የሰማችው። ሳጅኑን ባለበት ትታ ብቻዋን ወደ ጽዱ ሄደች።

«አባ፣ መስቀልዎን ያሳልሙኝ።»

ቄሱ አልተንቀሳቀሱም።

«ትናንትም አላሳለሙኝም። ፖሊስ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

ከግቢው ውስጥ የፍትሐቱ ዜማ ይሰማል። ቄሱ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም።

«ይሥሐቅ ነገ ይለቀቃል» አለች። «የያዝኩበት ነገር የለም። አንዷለም የት ቆሞ እንደሚጠብቀው ሁለታችንም እናውቃለን።»

«አትልቀቂው ብዬሻለሁ።»

«እንግዲያው ምትኩን ይስጡኝ አባ።»

ዜማው አንድ ዙር ዞሮ አለቀ። ቄስ አትናቴዎስ እጃቸውን ከጋቢው አወጡ። የእጅ መስቀሉን፣ እንድትሳለመው ሳይሆን እንድትይዘው፣ በአግድሙ ዘረጉላት።

«ይህን ለደብሩ ስጪልኝ። እኔ ከእንግዲህ አልይዘውም።»

ተቀበለችው። ብረቱ ሞቆ ነበር።

«አመተሥላሴ» አሉ። «ልጄ ናት። ካቻምና ክረምት እዚያ ጤና ጣቢያ ምጥ ላይ ሳለች መብራቱ ጠፋ። አዋላጇ በስልኳ ብርሃን ስትሠራ ስልኩም ሞተ። የልጄንም የልጅ ልጄንም አስከሬን በዳበሳ ነው የተቀበልኩት።»

«ከዚያ መሐንዲሱ መጣ።»

«ከዚያ መሐንዲሱ መጣና ፀሐይ ለበለጠበት አለ። እኔ ለኪዳን ስሄድ አያለሁ። ወዳጆ አንዱን ዐይን ይጠርጋል፣ አንዱን ዞር ብሎም አያየው። አንድ ዐይኑ የታወረ ፀሐዩን በግማሽ ነው የሚያይልን አልኩ። ሕመምተኛ እንደማጥበው አጠብኩት። ጸሎትም ደገምኩበት።»

«ትናንትስ?»

«ከሣጥኑ ኋላ ብቅ አለ። ‹አባ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ!› ብሎ ሳቀ። ሳቀ ልጄ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ‹የዓመት ልፋቴን አጠፉብኝ፣ ሥራው መቆሸሹ ነው› አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ማን ያምናል? ራቤል ገዝቶሃል አልኩት። ጠርሙሱን ሊቀማኝ ያዘኝ፤ በመቋሚያዬ ገፋሁት።» መቋሚያቸውን ከፊታቸው አርቀው አዩት። «ሥራው መቆሸሹ ነው ያለው፣ እውነቱን ነበር?»

«እውነቱን ነበር። ፓነል አንሶ እንዳይተከል፣ የጤና ጣቢያው መብራት ዳግመኛ እንደዚያ ሌሊት እንዳይጠፋ ነው ግራው ሳይጠረግ የሚተወው።»

ቄሱ ቀስ ብለው የጽዱ ሥር ላይ ተቀመጡ። 

«ጠራሁት፤ አልመለሰልኝም። አልፎ ነበር። ወዲያው ነው የሞተው፣ አይደለም?»

ትርሲት ለመዋሸት በቂ ጊዜ ነበራት። ከግቢው ውስጥ የጥሩሸዋ ድምፅ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ ይመጣ ነበር።

«አይደለም አባ» አለች። «ፀሐይ እስኪወጣ ቆይቷል። ወደ ፀሐዩ ራሱን ስቧል።»

ቄስ አትናቴዎስ ከሸንተረሩ ሥር ያለውን፣ ከምሰሶው አጠገብ ቢጮኹ ሊሰማ የሚችለውን የጤና ጣቢያ ጣሪያ ተመለከቱ። ከዚያ ሁለት እጆቻቸውን አንድ ላይ አድርገው ዘረጉላት።

*

ለአንዷለም የነገረችው ትርሲት ራሷ ናት። ቆሞ ሰማት። ስትጨርስ «እኔን ያጠመቁኝ እሳቸው ናቸው» አለ። ጥሩሸዋ ጠመንጃውን ከትከሻው ስታወርድ አልከለከላትም።

ይሥሐቅ በማግሥቱ ጧት ከጣቢያው ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን በሁለቱም በኩል ደጋግሞ አየ።

«ሂድ እንጂ» አለው ሳጅኑ። «ነፃ ነህ።»

«ቆይ፣ እግሬ ይመን» አለ ይሥሐቅ።

ኢንጂነር በዕውቀቱ የግራውን መስታወት ከነጩ ጨው አጽድቶ፣ የዓመቱ ልኬት ከመጀመሪያው መጀመር እንዳለበት ለቀበሌው ሰዎች ነገራቸው። የሁለቱን መስታወቶች ሥራም በዚህ ጊዜ በሰው ሁሉ ፊት አስረዳ። ራቤል አስቀድሞ መብራት ያገኛል። እዚህ ሌላ ዓመት ይጠበቃል፤ ጠባቂም ያስፈልጋል።  ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

ሰኞ ጧት አንዷለም የአባቱን ጨርቅና ጀሪካን ይዞ ወደ ሸንተረሩ ወጣ። የቀኙን መስታወት ጠረገ፤ የግራውን አልነካውም።